በእርሳስ ያስቀመጥኳት ሴት

መጀመሪያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ጽዳት ሠራተኛ ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እሱንም ቅዳሜ ቅዳሜ በጎልማሶች ትምህርት፣ እንቅልፍና ፊደል እየተቀላቀሉብኝ። እጄ የለመደው መወልወያ ስለሆነ እስክሪብቶ ሲይዝ ይደነግጣል። ረጅም ቃል ሲገጥመኝ ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ቀስ ብዬ፣ ግድግዳ ይዤ ነው የምወርደው። ይህችን ለመጨረስ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል። ስለዚህ የምታነቡት ታገሡኝ፤ ማንበብ የማትችሉት ደግሞ የሚያነብላችሁ ሰው የተበላሸውን ዘሎ ይለፍላችሁ።

ጻፊ ያለችኝ ሲስተር ናት። ሲስተር የምንላት በዚህ ጤና ጣቢያ ጓሮ ባለችው ክፍል ሴቶቹን ሰብስባ የምታነጋግረው አማካሪ ነች። በመጠጥም በኪኒንም የተያዙ፣ ከዚያ በፊት ደግሞ አንድ ክፉ ነገር የደረሰባቸው ሴቶች ናቸው። ይህ ደብተር ከክፍሏ ደጃፍ አግዳሚው ላይ የሚቀመጠው አዲስ ለምትመጡት ነው። የመጀመሪያ ቀን እንዴት እንደምትቀመጡ አውቃለሁ፤ ቦርሳችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ፣ ዓይናችሁ ወደ ውጭው በር። «እግር አንሱልኝ» እያልኩ ከሥራችሁ የምወለውለው ሴትዮ እኔ ነኝ። የምነግራችሁ ስለ ባለካውያዋ ነው። እሷም ታውቃለች። ፈቃዷን ስጠይቃት «ጻፊው፤ ግን እንዳታሳምሪኝ» ነው ያለችኝ። ማሳመር ብፈልግም አልችልበትምና አትስጋ።

ክፍሏ ድሮ የመድኃኒት ካርቶን መጋዘን ነበረች። አሥራ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አለ፤ አንዱ እግሩ ስለተሰነጠቀ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚውለው። ሴቶቹ «እሱም አባል ነው» ይሉታል። መስኮቷ የምታሳየው የውኃ ታንከር ብቻ ነው። በሩ ደግሞ ማጠፊያው ረግቦ ስለነበር አይገጥምም ነበር፤ ወደ ላይ አንሥተው ካልገፉት በቀር አንድ ክንድ ያህል ክፍት ሆኖ ነው የሚቆመው። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ይገባሉ፣ አምስት ሰዓት ይወጣሉ። የመምጫ ቀናቸው ሃያ አራት ሲሞላ ያበቃል። እዚያ ውስጥ እውነተኛ ስም አይጠራም፤ ሁሉም በሥራዋ ወይም ባወጡላት ስም ነው። እኔን እትዬ ባልዲ ይሉኛል። ቅር አይለኝም። ከባሌ ይልቅ ከባልዲ ጋር ብዙ ዘመን አሳልፌያለሁ፤ ባልዲው ይሻላል፣ ሲሞላ እንኳ አይጮህም።

ሲስተር አቴንዳንሱን የሰጠችኝ ፊደል መማሬን የሰማች ቀን ነው። «እትዬ፣ አንቺ ከበሩ አጠገብ አይደለሽ የምትቀመጪው፤ የመጣችውን ራይት፣ የቀረችውን ኤክስ አድርጊልኝ። እጅሽም ይፍታታል» አለችኝ። በዕድሜዬ ሰው እርሳስ ሰጥቶኝ አያውቅም። ከጋዋኔ ኪስ አላወጣውም ነበር። ደንቡንም እንደ ጸሎት በቃሌ ያዝኩት፦ አንድ ቀን የቀረች ይደወልላታል፤ ሁለት ቀን አከታትላ የቀረች ቤቷ ድረስ ሰው ይላክላታል፤ ሦስት ቀን ከቀረች ወንበሩ ውጭ ለምትጠብቀው ይሰጣል። ውጭ የሚጠብቅ ደግሞ መቼም ጠፍቶ አያውቅም።

ባለካውያዋ የምትሠራው አንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ ላውንደሪ ውስጥ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ አንሶላና ሸሚዝ ስትተኩስ ነው የኖረችው። ሰውነቷ ቀጭን፣ ድምፅዋ ወፍራም ነው። ክንዷ ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ትናንሽ ጠባሳ ብቻ ነው። እጅጌዋን ሰብሰብ አድርጋ «ይቺ የሙሽራ ቀሚስ ናት፣ ይቺ የአምባሳደር ሱሪ፣ ይቺ ደግሞ አለቃዬ ሲያስቸኩለኝ» እያለች ታሳየን ነበር። ወንበሯ ሁልጊዜ የበሩ ጥግ ነው። ብርድ ሲሆንም እዚያው ነው። «ነይ ወደ መሐል፣ ምን ሆነሽ ነው?» ሲሏት «ሃያ ዓመት እንፋሎት ተቀቅዬ ትንሽ ንፋስ ቢነካኝ ምን አለበት» ትላለች። አመንናት። ለቀልድ ማን ብሏት።

አንድ ቀን ሲስተር፣ መጠጡን የት ትደብቁ እንደነበር ተናገሩ አለች። አንዷ ዱቄት ውስጥ፣ አንዷ ልጇ ቦርሳ ውስጥ እያሉ ዙሩ እሷ ጋ ደረሰ።

«እኔ ደብቄ አላውቅም» አለች። «አለቃዬ ዓይን ሥር ነው የምጠጣው። ልብስ ላይ ውኃ የምንረጭበት መርጫ አለ አይደል? እሱን በውኃ ፈንታ በኔ ነገር እሞላዋለሁ። ሁለቴ ለአንሶላው፣ አንዴ ለአፌ።»

«ሳይነቃብሽ?» አለቻት ቲኬት ቆራጯ። አውቶቡስ ላይ የምትሠራ፣ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት።

«ነቃብኝ እንጂ። አንዱ እንግዳ ሸሚዙን ለብሶ ስብሰባ ገባ፤ ሰው ሁሉ ራቀው። ተመልሶ መጥቶ ሆቴሉን ቀወጠው። አለቃዬ ሸሚዙን አሸተተ፣ ቀጥሎ እኔን አሸተተ። ‹ማነው የጠጣው?› አለኝ። ‹ሸሚዙ ነው ጌታዬ፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነው› አልኩት።»

ሳቅ ሆነ። የተሰነጠቀው ወንበር እንኳ ከግድግዳው ተንሸራቶ ወደቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ እጇን ነበር የምታየው። ሥራዋን ያላጣችው የሸሚዝ አንገት እንደሷ የሚያስተካክል ስለሌለ ነው። አለቃዋ «ወይ ትታከሚያለሽ፣ ወይ ትወጫለሽ» ብሎ ወደኛ ላካት።

የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ልጅቱ ያለችው ከባለካውያዋ ታላቅ እህት ዘንድ ነው። እህትየዋ «ሃያ አራቱን ቀን ጨርሺ፤ ልጅሽን እጇን ይዤ አመጣልሻለሁ» ብላታለች። ስለዚህ ሌሎቹ ቀን ሲቆጥሩ እሷ የምትቆጥረው ልጇን ነበር። ስትወጣ ከትከሻዬ በላይ ወረቀቱን ታይና «ዛሬ ጉልበቷ ጋ ደረስኩ» ትለኛለች። ሌላ ቀን «ወገቧ ጋ» ትላለች። አሥራ ሰባተኛው ቀን ላይ «እትዬ ባልዲ፣ አንገቷ ጋ ነኝ። የቀረው ጭንቅላት ነው፤ ከባዱ እሱ ነው፣ በኔ ስለወጣ» አለችኝ። እኔም የወለድኩ ያህል ደስ አለኝ። እንዲህ የምደክመው ለዚህ ከሆነ ይሁን አልኩ።

ያን ሰሞን ሲስተር ለሥልጠና ሁለት ሳምንት ሄደች። በምትኳ አንዲት ልጅ እግር አማካሪ መጣች። ጎበዝ ናት፤ ሴቶቹን ግን በመልክ ገና አታውቃቸውም። «አቴንዳንሱን እትዬ ትይዛለች» ተብሎ ስለተነገራት አንድ ቀን እንኳ አላየችውም። እኔ ደግሞ ሲስተር ስትመለስ ደስ ይበላት ብዬ ነገር ፈለግሁ። ያ በር ብርድ ያስገባል፣ ወሬ ያስወጣል። ውስጥ አንዷ ስታለቅስ ካርድ ክፍል ድረስ ይሰማል። አናጢውን ሦስት ቀን ደጅ ጠናሁት። ሰኞ ዕለት መጣና ማጠፊያውን ለወጠ፣ የታችኛውን ጠርዝ በመላጊያ አስተካከለ፣ አዲስ ቁልፍ ገጠመለት። በአንድ ጣት ገፋ ሲያደርጉት «ቀጭ» ብሎ ይገጥማል። ሰው ሳያየኝ አምስት ስድስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት።

ማክሰኞ ሁሉም ገቡ። ባለካውያዋ ቦታዋ ተቀመጠች። ተተኪዋ «ደህና አደራችሁ» ብላ በሩን ገፋ አደረገችው። ቀጭ አለ። ባለካውያዋ ዞር ብላ በሩን አየችው፤ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ወደደችው ብዬ ፈገግ አልኩላት። እጆቿን ጭኗ ሥር ከተተች። ጥቂት ቆይታ ብድግ አለች። የውኃ ብርጭቆዋ ተደፋ። ቁልፉን ሁለቴ ስታው በሦስተኛው ከፍታ ወጣች። ውኃውን ወለወልኩ። ሆዷን አሟት ይሆናል አልኩ። ራይት አደረግኩላት፤ መጥታ ነበርና።

ዓርብ አልመጣችም።

እርሳሱን ይዤ ስሟ አጠገብ ቆምኩ። ከግራ እስከ ቀኝ አሥራ ስምንት ራይት ተደርድሯል፤ በዚያ ሁሉ ወረቀት ላይ አንድም ኤክስ የሌለባት እሷ ብቻ ናት። አንገቷ ጋ ነኝ ያለችው ትዝ አለኝ። ደክሟት ይሆናል፣ ማክሰኞ ትመጣለች፣ ለአንድ ቀን ብዬ ንጹሕ መስመሯን ለምን አበላሽባታለሁ አልኩ። ራይት አደረግኩ። ማክሰኞም አልመጣችም። ሁለተኛው እንደ መጀመሪያው አልከበደኝም። በሦስተኛው፣ ዓርብ ዕለት፣ ቲኬት ቆራጯ ከኋላዬ ጎንበስ አለች።

«እትዬ ባልዲ፣ አንቺ ሰው በእርሳስ ታስቀምጫለሽ እንዴ?»

«ዝም በይ አንቺ።»

«እኔስ ዝም እላለሁ። አውቶቡስ ላይ ለባዶ ወንበር ቲኬት ቆርጬ ብገኝ በማግስቱ ነው የምባረረው።»

እሷ ሳቀች፤ እኔም አብሬ የሳቅሁ መሰልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ።

የዚያኑ ቀን፣ ሴቶቹ ከተበተኑ በኋላ፣ ወንበሮቹን እየደረደርኩ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ጫማዋ ዱቄት ለብሷል። ዳቦ ቤት እንደምትሠራ ባለካውያዋ ነግራኝ ስለነበር ገና ሳትናገር አወቅኋት።

የባለካውያዋን ስም ጠርታ «ታላቋ ነኝ» አለች። «ከባለፈው ረቡዕ ጀምሮ ስልኬን አታነሣም። አልተጣላንም፤ ስታፍር ነው እንዲህ የምትሆነው። የኔ እናት፣ እየመጣች ነው ወይ?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። ሴትዮዋ ቀረብ ብላ ስሟን ፈለገችና በጣቷ ቆጠረች።

«ሃያ አንድ» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እሷ እኮ ትምህርት ቤት እንኳ ሳምንት ሙሉ ሄዳ አታውቅም። እንዲህ ጸንታ? ሦስት ቀን እንግዲህ አያጣላንም። እሑድ ልጅቱን አመጣላታለሁ። እንዳትነግሪያት፤ ድንገት ታግኛት።»

«እሑድ?» አልኩ።

«ከነገ ወዲያ። እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺም ልጆችሽ ይባረኩ።»

ሄደች። ወረቀቱን ይዤ የተሰነጠቀው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው። እናቷ በምን ሁኔታ እንዳለች ማንም ወደማያውቅበት ቤት አንዲት ልጅ ቦርሳዋን አዝላ ልትገባ ነው፤ የላክኋት እኔ ነኝ፣ በእርሳስ።

ቅዳሜ ጠዋት ሆቴሉ ሄድኩ። ዘበኛው ጫማዬን አይቶ «እንግዳ ነሽ ወይስ ሠራተኛ?» አለኝ። «ላውንደሪ» አልኩት። «በጓሮ» አለ። ደረጃው ወደ ታች አሥራ አራት ነው፤ ጉልበቴ ስለሚያመኝ ሳልቆጥር አላልፍም። እንፋሎቱ ገና ሳልደርስ ፊቴን ያዘኝ። መጀመሪያ ያየሁት እሷን አይደለም፤ በሩን ነው። ከባድ የብረት በር ነው። ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እንዳይዘጋም ከሥሩ አሮጌ ካውያ ተደግፎበታል። ገመዱ ተቆርጧል፣ እጀታው በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጠባቂ ውሻ መስሎ ደፉ ላይ ተጋድሟል። እኔ የበር ነገር አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ሰው በርን ለነፋስ ብሎ ሲከፍተው ባልዲ ወይ ድንጋይ ጣል ያደርግበታል። እጀታውን በጨርቅ ጠቅልሎ አያስቀምጥም። እንደዚያ የሚያደርገው በየቀኑ በእጁ ለሚነካው ነገር ነው።

ጠረጴዛዋ ላይ አንሶላ ትተኩሳለች። መርጫው አጠገቧ ነው። ምን እንዳለበት ከሽታው አወቅሁ።

«እትዬ ባልዲ» አለች ቀና ሳትል። «ምነው፣ እዚህም ልትወለውይ መጣሽ?»

«ልጠይቅሽ ነው።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ካውያውን አቆመችው። «ከወጣሁ አሥራ አንድ ቀኔ ነው። ደንብ አለ አይደል? የመጀመሪያው ቀን ይደወላል። ዓርብ ስልኬን ከደረቴ ሳልለይ ዋልኩ። አልተደወለም። እሺ። በሁለተኛው ሰው ይላካል። ማክሰኞ ከሰዓት ፈቃድ ጠይቄ ቤቴን ጠረግኩ። ለሚመጣው ሰው ወንበር ከጎረቤት ተዋስኩ። ሲመጡ ይህን ይህን እላለሁ ብዬ በቃሌ አጠናሁ። ማንም አልመጣም። እንግዲህ ‹ትቅር› ብለዋል አልኩ። ረቡዕ ጠዋት መርጫውን ሞላሁት።»

«አልቀረሽም» አልኳት።

«ምን?»

«ወረቀቱ ላይ። አልቀረሽም። እኔ ነኝ ራይት ያደረግኩልሽ። ሦስቱንም።»

«ለምን?»

«መስመርሽ እንዳይበላሽ።»

እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር፤ ስድብ ይቀለኛል። «ሰው ሲጠፋ እኮ ይፈለጋል» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ እንዳልፈለግ አድርገሽ ደበቅሽኝ።»

የእህቷን መምጣት፣ የእሑዱን ነገር ነገርኳት። አንሶላው ክምር ላይ ቁጭ አለች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ አንሶላው ገና ይሞቃል።

«በሩ ነው?» አልኳት።

አንድ የትራስ ልብስ አንሥታ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጠፈች።

«አራስ ሆኜ ቤት ሳለሁ ባሌ ሥራ ሲሄድ ከውጭ ይቆልፍብን ነበር። ‹ለናንተው ደኅንነት ነው› ይላል። አንድ ቀን የጎረቤት ምድጃ ተያያዘ። ጭሱ በግድግዳው ቀዳዳ ገባ። ትልቋን በመስኮቱ ብረት መሐል አሾለክኋት፤ ያኔ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ትንሽ ነበረች። ሕፃኑን ግን ከእጄ የሚቀበለኝ አላገኘሁም። በሩን ሰብረው እስኪገቡ ድረስ…» የትራሱን ልብስ ዘረጋችው። «ጭሱን እችለዋለሁ። ይኸው እንፋሎት ውስጥ ነው የምውለው። ያንን የቁልፍ ድምፅ ነው የማልችለው። አውቶቡስ እንኳ ሲዘጋ እወርዳለሁ።»

«ምነው ሳትነግሪን?»

«አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ቀልድ ነገርኳችሁ። ቀልዱ ሲያልቅብኝ ልነግራችሁ ነበር።»

ከዚያ ስልኳን አወጣችና ደወለች። እኔ የሰማሁት የሷን ብቻ ነው።

«ታላቄ፣ እኔ ነኝ… ደህና ነኝ። ደህና እንኳ አይደለሁም። ነገ አታምጫት… አዎ፣ ነገሩኝ። ወረቀቱ ልክ አይደለም። ሦስት ቀን አልሄድኩም። ጠጥቻለሁ… አይ፣ እሷን አትስደቢያት። አጠገቤ ናት፤ ፊቷን ብታዪው ትምሪያታለሽ… እሺ። እኔ እመጣለሁ። አንቺ ባለሽበት፣ እዚያው እናንተ ቤት አያታለሁ። ምሳ አታድርሺልኝ፤ ቆሜ አይቻት እመለሳለሁ… እሺ፣ ተቀምጬ።»

ስልኩን ጭኗ ላይ አደረገች። «ከአንገቷ ወደ ጉልበቷ ወረድኩ» አለች።

መርጫውን ደፋችው ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልደፋችውም። እንዳላሳምራት ቃል ገብቻለሁ። ተነሥታ አንሶላዋን ቀጠለች፤ እኔም ደረጃውን ቆጥሬ ወጣሁ።

ሰኞ ሲስተር ተመለሰች። ቦርሳዋን ገና ሳታወርድ ሁሉን ነገርኳት፤ በሩንም፣ ወረቀቱንም። ወንበር ላይ አረፍ ብላ ሰማችኝ። እሷም ደክሟታል፤ ከመንገድ ነው የመጣችው። ላጲሱን ይዤ «ላጥፋው?» አልኳት።

«አታጥፊው። መስመር አስምሪበትና እውነቱን ከጎኑ ጻፊ። እዚህ ቤት የጠፋ ነገር በዝቷል።»

«ሦስት ቀን ቀርታለች። ወንበሩስ?»

በመስኮቱ አግዳሚውን አየች። አንዲት ሴት ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። «ደንቡ በሁለተኛው ቀን ሰው ይላካል ይላል። እኛ አልላክንም። እኛ በሰበርነው ደንብ እሷን አናስወጣትም። ዛሬውኑ እደውልላታለሁ፤ ነገ ከመጣች ወንበሩ የሷ ነው፤ ካልመጣች የዚያች ነው። ከዚህ በላይ አልችልም እትዬ፤ ያቺም ሰው ናት።» ቀጥላ እጇን ዘረጋች። እርሳሱን ነው የፈለገችው። «ለቲኬት ቆራጯ እሰጠዋለሁ። አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም» አልኳት። ተቀይሜ ነበር። ኪሴ ቀለለኝ።

«አንቺ ደግሞ ሌላ ትጽፊልኛለሽ» አለች። «በውሸት የሞላሽውን በእውነት ሙይው።» ይኸው እየሞላሁ ነው።

አናጢውን ጠርቼ ቁልፉን አስፈታሁት። «አንቺ ሴትዮ፣ በር ነው ወይስ ፀጉር፣ ባሰኘሽ ጊዜ የምታሠሪው የምታስፈቺው?» እያለ ፈታው። ድምፁ ቀረ። ማጠፊያው ግን አዲስ ስለሆነ በሩ ቀስ ብሎ በራሱ ይዘጋል። ባልዲዬን አስደገፍኩት።

ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ሁሉም ገቡ። የበሩ ጥግ ወንበር ባዶ ነው። ቲኬት ቆራጯ እርሳሱን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ምንም አልጻፈችም። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ውጭ አግዳሚው ላይ ያለችው ሴት ተነሣች፣ ተቀመጠች። ያቺንም ማየት አቃተኝ፤ በአንዷ መቅረት ነው የሷ መግባት። ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ባለካውያዋ መጣች። የሥራ ጋዋኗን እንደለበሰች ናት። ሳሙናም፣ ያም ሌላው ከላይዋ ይሸታል። ደፉ ላይ ቆመችና አልገባም አለች። ሲስተር «ግቢ» አላለቻትም። ወንበሯን አንሥታ ደፉ ላይ አስቀመጠችላት፤ ሁለቱ እግሮቹ ውስጥ፣ ሁለቱ ውጭ። ተቀመጠች። በሩ ትከሻዋን ተደግፎ ቆመ።

ስለ ቆለፈባቸው ሰው፣ ስለ ጭሱ፣ ስለ ሕፃኑ ተናገረች። አራት ዓረፍተ ነገር ቢሆን ነው። ቀልድ አልነበረበትም። እሑድ ልጇን ማየቷንም ተናገረች፤ ልጅቱ ጥርሷ መውለቁን አሳይታታለች። ሲያበቃ ሲስተር ወደ ቲኬት ቆራጯ ዞረች።

«ደፍ ላይ ያለ ሰው እንዴት ነው የሚመዘገበው?»

«አውቶቡስ ላይ ቢሆን በር ላይ የተንጠለጠለም ተሳፋሪ ነው» አለችና ራይት አደረገችላት። ከሦስቱ የተሠረዙ ራይቶች ቀጥሎ ነው። መስመሩ አሁን አያምርም።

የአግዳሚዋ ሴት ቦርሳዋን ይዛ ሄደች። ሌላ ቀን መጥታለች፤ እሷም ይህን እያነበበች ይሆናል።

በማግስቱ ረቡዕ ነበር፤ ሴቶቹ የማይመጡበት ቀን። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ኮሪደሩን እየወለወልኩ ባለካውያዋ መጣች። በትራስ ልብስ የተቋጠረ ከባድ ነገር በሁለት እጇ ይዛለች።

«ዛሬ እኮ የለም» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

ቋጠሮውን ፈታችው። ያ አሮጌ ካውያ ነው። ባልዲዬን በእግሯ ገፋ አድርጋ ካውያውን በበሩ ሥር አስደገፈች። በሩን በክርኗ ሞከረችው፤ አልነቃነቅም አለ። ከዚያ ወንበሯን ከደፉ አንሥታ ወደ ውስጥ፣ የድሮ ቦታዋ ወሰደችና ተቀመጠች። ማንም የለም፤ አሥራ አንድ ባዶ ወንበርና እሷ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየች። እኔ አልገባሁም፤ የወለወልኩትን መልሼ ወለወልኩ። ስትወጣ «አለቃዬ ይጮህብኛል» አለች። ካውያውን እዚያው ተወችው። ባዶውን የትራስ ልብስ ጠርዝ ከጠርዝ አግጥማ አራት እጥፍ አደረገችና ብብቷ ሥር ይዛ ወደ ሥራዋ ሄደች።